ስንት ጊዜ እንደገና ይላክ?
(ስለ ገመድ አልባ መስመራችን ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እዚህ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሰበሰበን በየምሽቱ የምታነሡት ቅሬታ ነው። ማታ ሁላችንም በአንድ ሰዓት ወደ አገር ቤት ስንደውል ድምፁ ይቆራረጣል። «ትሰሚኛለሽ?» እያልን እንጮኻለን፤ የእናት ድምፅ ከመሐል ይጠፋል። አንዳንዱ መስመር ሻጩን ይወቅሳል። ወቀሳው የሚገባበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው እዚሁ በመሣሪያችንና በስልኮቻችን መካከል ነው።

በሽቦ የሚሄድ መልእክት እምብዛም አይጠፋም። በአየር የሚሄደው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ግንብና ቆርቆሮም ያግደዋል። ስለዚህ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ጥቅል «ደርሶኛል» የሚል አጭር ምላሽ ይሰጣል። ምላሹ ካልመጣ ላኪው ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ይደግማል። የሚቆይበት ጊዜ በዕጣ የሚወሰን ነው፤ አለዚያ የተጋጩት ሁለቱ እኩል ተነሥተው እንደገና ይጋጫሉ። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረው በኖርማን አብራምሰን የሚመራው የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ የአሎሃ መረብ ተጠቅሞበታል።

ታዲያ እስከ ስንት ጊዜ ይደገም? እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የገመድ አልባ መረብ ደንብ ለአጫጭር ጥቅሎች 7፣ ለረጃጅሞቹ 4 የሚል መነሻ ቁጥር አስቀምጧል። አጭሩን ከረጅሙ የሚለየው ወሰን በብዙ መሣሪያ ላይ 2347 ባይት ሆኖ ስለሚመጣ በተግባር የሚሠራው 7 ነው።

«እንግዲያው ለምን 30 አናደርገውም?» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። 1500 ባይት ያለው ጥቅል በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት፣ ሲላክ 12 ሺህኛ ሴኮንድ ይፈጃል። ሰባት ጊዜ ቢላክ 84፣ ሠላሳ ጊዜ ቢላክ 360 ይሆናል፤ በየመሐሉ ያለው ጥበቃ ሳይቆጠር ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው መዘግየት ደግሞ ከ150 ሺህኛ ሴኮንድ እንዳይበልጥ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ከግድግዳ ጀርባ ላለ ለአንድ ሩቅ ስልክ ሲደጋገም አየሩ ስለሚያዝ ከመሣሪያው አጠገብ የተቀመጠውም ሰው ተራ ይጠብቃል።

ወደ 1 ወይም 2 ማውረድም መዘዝ አለው። ድምፅ ትንሽ ቢጎድልበት ይችለዋል፤ ዘግይቶ የደረሰ ቃል ከጠፋ ቃል አይሻልምና። ፎቶግራፍ ወይም ፋይል ስትልኩ ግን ከበላይ ያለው ሥርዓት የጠፋውን ጥቅል አይቶ መንገዱ የተጨናነቀ ይመስለውና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የእኛ አስተያየት በ7 ይቆይ ነው።

ኮምፒዩተር ለምትነካኩ ወጣቶች አንድ ቃል እንጨምር። በሊኑክስ ላይ ቁጥሩን የሚለውጥ ትእዛዝ አለ። ሆኖም አንዳንዱ ድራይቨር ትእዛዙን «እሺ» ብሎ ተቀብሎ የራሱን ይሠራል። ከለወጣችሁ በኋላ በድጋሚ የተላኩትንና የከሸፉትን ጥቅሎች ቆጠራ ተመልከቱ፤ ቆጠራው ካልተለወጠ ትእዛዙ አልሠራም። በተራ ስልክ ላይ ይህን መለወጥ ስለማይቻል ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ቁጥሩን ከመነካካት በፊት ግን የድግግሞሹን ምክንያት እንቀንስ። መሣሪያውን ከቆርቆሮው ሥር አውጥተን ከፍ ባለ ግልጽ ቦታ እንሰቅለዋለን። ጎረቤት ያሉት መሣሪያዎች በየትኛው ቻናል እንደሚሠሩ አይተን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ባዶ የሆነውን እንይዛለን። እናንተም ማታ ስትደውሉ ከግንቡ ጀርባ ሳይሆን መሣሪያው በሚታይበት በኩል ተቀመጡ። ፊልም የምታወርዱ ልጆች፣ እባካችሁ እናቶች ደውለው እስኪጨርሱ ታገሡ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንለፍ።