ንጹሑን ውኃ አናደፍርስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፥ እግዚአብሔር አምላካችን ባሕርን በፈጠረ ጊዜ አሸዋውን የማይተላለፈው ወሰን አድርጎ እንደ ሰጠው ነቢዩ ኤርምያስ በትንቢቱ በ5ኛው ምዕራፍ ይመሰክራል። ስለዚህ የውኃ ዳርቻ የፈጣሪ ሥርዓት የሚታይበት ቦታ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም የመጀመሪያዎቹን ደቀ መዛሙርት የጠራው በገሊላ ባሕር ዳር ነው፤ ከትንሣኤውም በኋላ በፍም ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ የጠበቃቸው በዚያው ባሕር ዳር ነው። እንግዲህ ለዕረፍት ወይም ገዳማትን ለመሳለም ወደ ውኃ ዳር የሚወርድ ክርስቲያን በዚያ እንዴት ሊመላለስ እንደሚገባው ዛሬ እንመለከታለን።

ለምሳሌ ጣናን እናንሣ። ሀገሬው ባሕር ብሎ ይጠራዋል፤ በደቡብ በኩል ያለችውም ከተማ ባሕር ዳር ተብላለች። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ ሲሆን ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ ሊቃውንቶቻችን ግዮን የሚሉት ዓባይም ከእርሱ ይወጣል። እነ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ እነ ጣና ቂርቆስ፥ እነ ክብራን ገብርኤል በደሴቶቹ ላይ ሆነው ሌሊትና ቀን ጸሎት የሚደርስባቸው ገዳማት ናቸው።

በደረቁ ምድርና በጥልቁ ውኃ መካከል ግን ረግረጉ አለ። ብዙ ሰው ረግረግን ሲያይ የማይረባ ጭቃ ይመስለዋል። ነገር ግን የኢዮብ ወዳጅ በልዳዶስ እንደ ተናገረው ደንገል ያለ ረግረግ አይበቅልም። የሙሴ እናት ሕፃኑን ከሞት ያሳለፈችው ከደንገል በተሠራ ሣጥን እንደ ሆነ እናስታውስ። የጣና ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ታንኳቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ደንገል ነው።

የረግረጉ ጥቅም በዚህ ብቻ አይወሰንም። በክረምት ወንዞቹ ከደጋው አፈር ጠርገው ሲመጡ ደንገሉና ሣሩ የውኃውን ኃይል ያበርዱታል፤ አፈሩም በዚያ ይሰፍራል፤ ጠላ በማጥለያ እንደሚጠራ ውኃውም እንዲሁ ጠርቶ ወደ ባሕሩ ይገባል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ወፎችም በየዓመቱ መጥተው በዚያ ይከርማሉ። በዚህ ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን በዓለም የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ጻፈው። ጥበቃው ግን ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት መሬቱ በበሬ አይታረስም የሚለው ትውፊት ደኑን እስከ ዘመናችን አድርሶታል።

ምእመናን ሆይ፥ አሁን ራሴን ልውቀስ። አንድ ጊዜ ወደ ገዳም ስሄድ በአሸዋው ላይ ተቀምጬ ስንቄን በላሁና ስንቁ የነበረበትን ፌስታል እዚያው ትቼ ተነሣሁ። ታንኳ ቀዛፊው ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው አነሡት፤ አጥፈውም በጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት። እኔ አፍሬ ዝም ባልሁ ጊዜ፥ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ይህ ውኃ እኮ የምንጠጣው ነው» አሉኝ። ሊያስተምር የወጣው እኔ፥ በዚያች ቀን ተማሪ ሆንሁ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ የሰቡትን በጎች የሚገሥጸው በዚህ ነገር ነው። ከመልካሙ መስክ በልተው የቀረውን ይረግጣሉ፤ ከጥሩው ውኃ ጠጥተው የተረፈውን በእግራቸው ያደፈርሳሉ፤ ደካሞቹም በጎች የተረገጠውን ይበላሉ፥ የደፈረሰውን ይጠጣሉ። ልብ በሉ፤ መብላታቸውና መጠጣታቸው ኃጢአት አልተባለም። የተፈረደባቸው ከእነርሱ በኋላ የሚጠጣውን ባለማሰባቸው ነው። እኛም ወደ ውኃ ዳር ሄደን ደስ መሰኘታችን አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ደስታችን ለሌላው ድፍርስ ሆኖ ሲቀር ነው። እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዓሣ አጥማጁ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ሰምተናል። ይህን አረም የሚያፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ነገር ነውና፥ ሩቅ ያለነውም ከደሙ ንጹሕ ነን ልንል አንችልም።

ደግሞም በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋራ እንዳይወስድ ታዝዟል። ይህን ለሚጠብቅ የተሰጠው ተስፋ መልካም ኑሮና ረጅም ዕድሜ ነው፤ ይኸውም አባትና እናቱን ለሚያከብር የተሰጠው ተስፋ ነው። ትንሽ በምትመስል ወፍ ላይ እንዲህ ያለ ታላቅ ተስፋ ከተሰጠ፥ ልጆቻችን በረግረጉ ዳር እንቁላል ሲሰብሩና ጎጆ ሲያፈርሱ እንዴት ዝም ብለን እናያለን?

ስለዚህ ወደ ውኃ ዳር ስትወርዱ ወደ ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ሁኑ። በተከፈተው መንገድ ሂዱ እንጂ ደንገሉን አትርገጡ፤ እሳት አትልቀቁበት፤ ጎጆ ያለበትን ሥፍራ ራቁለት። ጌታችን በገሊላ ባሕር ማዶ አምስት ሺህ ሰዎችን ካጠገበ በኋላ ከምግቡ አንዳች እንዳይጠፋ የተረፈውን እንዲሰበስቡ ሐዋርያትን አዘዘ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። እንጀራን ከምንም ማብዛት የሚቻለው ጌታ ትርፍራፊ እንዲሰበሰብ ካዘዘ፥ እኛ የበላንበትንና የጠጣንበትን ሰብስበን መመለስ እንዴት ያቅተናል?

ውኃን በዮርዳኖስ የቀደሰ አምላክ ልባችንን ከግዴለሽነት ያንጻልን፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ንጹሑን ውኃ ለማቆየት ያብቃን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።