የአስታማሚዋ ቁስል

ዛሬ የምናወራው ስለ ቁስል ነው። ቆሻሻ የገባበት ቁስል ቶሎ እንደማይድን ሁላችንም እናውቃለን። ጭንቀትስ ቁስል ያቆያል ወይ?

ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባለቤታቸው ሮናልድ ግሌዘር በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ፣ ይህንን ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር መርምረዋል። የመርሳት በሽታ የያዘውን ዘመዳቸውን ሌት ተቀን የሚያስታምሙ 13 ሴቶች መረጡ። በዕድሜ የሚመስሏቸው፣ በሽተኛ የማያስታምሙ ሌሎች 13 ሴቶችም ነበሩ። ሁሉም ፈቅደው ከክንዳቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቆዳ ተቆርጣ ተነሣች። ውጤቱ በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታተመ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን 49 ቀን ያህል ፈጀ፤ የሌሎቹ ግን 39።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። ለጊዜው ይበጃል፤ ጅብ ቢመጣብን ለመሮጥ ጉልበት ይሰጠናል። ጭንቀቱ ለወራት ሲዘልቅ ግን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉትን የአካላችንን ዘበኞች ያደክማል። ቁስል የሚያጸዱት፣ በሽታም የሚከላከሉልን እነሱ ናቸው።

በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ቡና የምታፈላልን አስታማሚዋ ናት። «አንቺስ እንቅልፍ አለሽ ወይ?» ያልናት መቼ ነው? እስቲ አንድ ሌሊት እኛ እንደርላትና እሷ ትተኛ።