ባክቴሪያዎች ሲነጋገሩ

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ባክቴሪያ ነው። ቃሉ ለዓይናችሁ አዲስ ከሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ባ-ክ-ቴ-ሪ-ያ። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ ግን ሕይወት አለው። ብዙዎቹ አይጎዱንም። አንዳንዶቹ ግን ቁስል ያመረቅዛሉ፤ ሳንባ ያሳምማሉ።

እነዚህን በመድኃኒት እንገድላለን። ነገር ግን መድኃኒቱ ሁሉንም ላይጨርስ ይችላል። ጠንካሮቹ ይተርፋሉ፤ የተረፉት ይራባሉ። ያን ጊዜ «በሽታው መድኃኒቱን ለመደ» እንላለን። የለመደው ሰውነታችን አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። የተረፈ ክኒን ለጎረቤት ማካፈል ደግነት ይመስላል፤ ይህን መላመድ ግን ያፋጥናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

ከእነዚህ አንዱ ሱዶሞናስ ይባላል። እሳት ያቃጠለው ሰው ቁስል ላይ ይገባል። መግሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ብዙ መድኃኒት አይበግረውም። ደግሞም ተንኮለኛ ነው። ጥቂት ሳለ ዝም ይላል። ሲበዛ ግን ሁሉም በአንድነት መርዝ ያወጣሉ። እንደ ንፍጥ ያለ መጠለያ ሠርተውም ይሸሸጉበታል፤ እዚያ ውስጥ መድኃኒት እንደ ልብ አያገኛቸውም።

መብዛታቸውን በምን ያውቃሉ? እኛ ገበያ መሙላቱን ከሩቅ በምን እናውቃለን? በጫጫታው ነው። ባክቴሪያ አፍ የለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ትንሽ ንጥረ ነገር ከሰውነቱ ያወጣል። እነሱ ሲበዙ ያም ንጥረ ነገር በዙሪያቸው ይበዛል። ጫጫታቸው ይህ ነው።

ይህ ነገር የታወቀው በቁስል ላይ አይደለም፤ በባሕር ነው። ኒልሰን፣ ፕላትና ሄስቲንግስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት የባሕር ባክቴሪያዎችን መርምረው በ1970 ጻፉ። ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ጨለማ ናቸው። ሲበዙ እንደ ፋኖስ ያበራሉ።

እንግዲህ መግደሉን ትተን ጫጫታውን ብናጠፋውስ?

ይህን ዘዴ አንድ የባሕር አረም ቀድሞን ያውቀዋል። በአውስትራሊያ ባሕር ውስጥ የሚበቅል ቀይ አረም ነው። ባሕር ውስጥ የቆየ ድንጋይም ሆነ እንጨት ባክቴሪያ ለብሶ ይሙለጨለጫል። በዚህ አረም ላይ ግን ባክቴሪያ እንደ ልቡ አይሰፍርም። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ አረሙ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር የባክቴሪያዎችን ጆሮ እንደሚደፍን አገኙ። ባክቴሪያዎቹ አይሞቱም፤ ግን አይሰማሙም። ያልተገደለ ደግሞ መድኃኒቱን ለመልመድ እምብዛም አይገደድም። ጨርሶ አይለምድም ማለት ግን አይደለም።

በ2003 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከዚህ ንጥረ ነገር አስመስለው የሠሩትን ሳንባቸው በሱዶሞናስ ለታመመ አይጦች ሰጡ። አይጦቹ ባክቴሪያውን ከሳንባቸው ማጥራት ቀለላቸው። ለሰው እንዳይሰጥ ግን መርዝነት አለው። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ አታገኙትም። ሊቃውንቱ ባክቴሪያውን የሚያደነቁር፣ ሰውን ግን የማይጎዳ ሌላ ንጥረ ነገር እየፈለጉ ነው።

የዛሬው ንግግራችን በዚህ አበቃ።