አሥራ ሦስቱ ሥራዎቼ

(በእሁድ የእህቶች መርሐ ግብር ላይ ከተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ከኋላ ያላችሁት ቀረብ በሉ፤ ድምፄ ትንሽ ነው። እንደምታውቁኝ እኔ ቡና ከሚያፈሉት ወገን ነኝ እንጂ ከሚናገሩት አይደለሁም። አስተባባሪዎቹ ግን ያን ጠረጴዛ ላይ የደረደርኩትን ዕቃ አይተው «እንዴት እንደሠራሽው ንገሪን» ስላሉኝ ቆምኩ።

2015 ዓ.ም. ሲገባ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። በየወሩ አንድ ነገር በእጄ ሰፍቼ እጨርሳለሁ አልኩ። አንድ ብቻ፤ ወሩ ሳያልቅ ግን ማለቅ አለበት። ደግሞም አልጋዬ ሥር በአንድ ፌስታል የሚገባ መሆን አለበት፤ ክፍሌን ታውቁታላችሁ፣ ካልታወቃችሁም የራሳችሁን አስቡ።

ለምን በወር? ወር ለእኛ የደመወዝ መቁጠሪያ ነው። «ስንት ወር ቀረሽ? ኮንትራትሽ መቼ ያልቃል?» እንባባላለን። ሥራችን ደግሞ ማታ ያልቅና ጠዋት እንዳልተሠራ ይሆናል። ያጠብኩት ሳህን ነገም ይታጠባል፤ የተኮስኩት ሸሚዝ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ አገር አምስት ዓመት ስሠራ ኖሬ «ይህን እኔ ሠራሁት» ብዬ የማሳየው አንድ ዕቃ አልነበረኝም። የተሰፋ ነገር ግን ጠዋት ስነሣም እንደተሰፋ ነው። በመጀመሪያው ወር ያን ሳይ፣ ትንሽ ነገር ቢሆንም፣ ልቤ ደስ አለው።

ጊዜ የለኝም እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም የለኝም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ሥራ ሲያበቃ 20 ደቂቃ ብቻ እቀመጣለሁ። በወር 25 ሌሊት ብትሉት 500 ደቂቃ ነው፤ ከ8 ሰዓት ይበልጣል። በ8 ሰዓት ብዙ ይሰፋል። ሞተሩ ጠፍቶ ጨለማ ሲሆን የስልክ መብራት ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሰፍቻለሁ፤ ጥቁር ጨርቅ ግን በስልክ መብራት አይሞከርም፣ ዓይን ያደክማል።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ጨርቁን ከየት እንደማመጣ ነው። የምንሠራበት ቤት ውስጥ ሞልቷል፤ የነተበ አንሶላ፣ አንገቱ ያለቀ ሸሚዝ፣ ዚፑ የተበላሸ ቀሚስ። ግን ቆሻሻ ላይ የተጣለ እንኳ ቢሆን ሳትጠይቁ አታንሱ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። በመካከላችን ከቤት ስትወጣ ሻንጣዋ ተፈትሾ ለአንድ አሮጌ ፎጣ «ሌባ» የተባለች አለች። እኔ ጨርቁን ይዤ ማዳም ፊት እቆማለሁ፣ ዘርግቼ አሳያታለሁ፣ «ይህን ልውሰደው? ልሰፋበት ነው» እላለሁ። እሺ ካለች ማታ ፎቶውን በዋትስአፕ እልክላትና «ስለ ጨርቁ አመሰግናለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። «ቲክረሚ» ብላ ትመልሳለች። ለእሷ ምስጋና ነው፤ ለእኔ ግን ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ስልኬ ላይ 9 አለ፣ አንዱንም አላጠፋሁም። መስጠት የማይወድ ቤት ከሆነ ደግሞ አትለምኑ። ሱቅ ኤል አሐድ፣ የእሁዱ ገበያ፣ አሮጌ ልብስ በርካሽ ይገኛል፤ ትልቅ የወንድ ሸሚዝ ፈልጉ፣ ጀርባው ሰፊ ጨርቅ ይወጣዋል፣ አዝራሩም ትርፍ ነው።

አንሶላ ሲነትብ የሚያልቀው ሰው የሚተኛበት መሐሉ ነው። ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ነው። ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት የሳሳው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያንን ተዉና የቀረውን ቁረጡ። የጥቅምቱ ትራስ ልብስና የኅዳሩ ሽርጥ ከአንድ አንሶላ ዳር የወጡ ናቸው።

ከሁሉ የምወደው የየካቲቱ ነው። ጥር 29 ሌሊት ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ቱርክንና ሶርያን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ቤይሩትንም ነቀነቃት። ሰዎቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ እኔም በሌሊት ልብሴ ወረድኩ። መንገድ ላይ በብርድ ቆሜ ሳለ ማን መሆኔን የሚናገር አንዲት ወረቀት በእጄ እንደሌለ አሰብኩ። ፓስፖርቴ እንደ ብዙዎቻችን በሌላ ሰው ቁም ሣጥን ነው ያለው። ስልኬም ባትሪው ቢያልቅ የእህቴን ቁጥር በቃል አላውቀውም።

ስለዚህ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ከልብስ ሥር የሚደበቅ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁ። ልኩ ከስፌት በኋላ ውስጡ 12 በ16 ሴንቲ ነው፤ ፓስፖርት 8.8 በ12.5 ስለሆነ፣ አንድ ቀን በእጃችሁ ሲገባ እሱንም ይይዛል። ጨርቁ ሁለት ድርብ ጥጥ ይሁን፤ በመካከሉ ላብ እንዳያስገባ የምግብ ማቀዝቀዣ ፕላስቲክ አግቡበት። ማንጠልጠያው ቀጭን ገመድ ከሆነ አንገት ይልጣል፣ 2 ሴንቲ ስፋት ያለው የጨርቅ ጥብጣብ ይሻላል። ስፌቱን በዝግታ፣ መርፌዋን አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ስፉት፤ እንዲህ የተሰፋ በአንድ ቦታ ቢበጠስም ሌላው አይተረተርም። ውስጡ የኢቃማ ቅጂ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የኮንትራት ቅጂና ጥቂት ገንዘብ ይገባል። ስልክ ቁጥሩን ግን በወረቀት አልጻፍኩትም። በቀይ ክር ውስጠኛው ጨርቅ ላይ ጠለፍኩት። ቀለም በላብና በውኃ ይፈሳል፣ ክር አይፈስም። የዚያን ወር ብቻ «አንድ» ያልኩትን ትቼ 6 ሠራሁ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት አራታችሁ አንገታችሁ ላይ አለ፤ አይታይም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

የሚያዝያው ደግሞ የልጄ ቀሚስ ነው። ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው ለእናቴ ትቻት የመጣሁት፤ አሁን ስምንት ሞላት። ለዳግማይ ትንሣኤ እንድትለብሰው ብዬ እህቴን «ለኪልኝ» አልኳት። በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ ደረት 60፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት 66። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አራት ጊዜ ሰማሁት። ፎቶዋን ሁልጊዜ አያለሁ፤ ፎቶ ግን ቁመት አይናገርም። ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘርግቼ 66ቱን ሳየው፣ እህቶቼ፣ ወለሉ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ ከታጠበ በኋላ ያጥራልና። ለልጅ ስትሰፉ የታችኛውን እጥፋት 8 ሴንቲ ተዉለት፣ ጎንና ጎኑንም ሰፋ አድርጋችሁ ተዉ፤ ስታድግ አያቷ ትተረትረውና ይለቀቃል። ቀሚሱን ወደ አገር ቤት የምትገባ እህት ይዛልኝ ሄደች። ለበሰችው። ትንሽ ሰፍቷት ነበር፣ እኔም የፈለግሁት ያንን ነው።

ሌሎቹን አላስቆያችሁም። የታኅሣሡ ኮፍያ የዳንቴል ሥራ ነው፣ አንድ ኪሮሽና አንድ ጥቅልል ክር ብቻ ይበቃዋል፤ እጅ ሲለምድ በጨለማም ይሠራል። የጥሩ መሐረብ ነው፣ በዓል በበዛበት ወር ከዚያ በላይ አይሆንም ነበር። የግንቦቱን ክብ መሶብ መሳይ ነገር ሁላችሁም እያነሣችሁ አይታችሁታል። ሰንደዶና አክርማ እዚህ ከየት ይመጣል? የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ቀጭን ብጣሽ ጨርቅ እየጠመጠምኩ፣ እናቴ በወስፌ እንደምትሰፋው ዙሪያውን በመርፌ እያያዝኩ አዞርኩት። የአያቶቻችን እጅ ያለው ሥራ ነው፣ እኔ ገመዱን ብቻ ነው የቀየርኩት። በነሐሴ ከአገር ቤት ያልተቋጨ ነጠላ አስመጥቼ ዘርፉን ራሴ ቋጨሁት።

አንዳንድ ሰዎች ጠረጴዛውን አይተው «አገርሽ ስትገቢ ስፌት ቤት ትከፍቻለሽ» ይሉኛል። ደግ ምኞት ነው፤ ግን በእጅ መርፌ ልብስ ሰፊ አይኮንም። ገበያ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ እኔ በወር የምሰፋውን በፔዳል መኪናው ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ስፌትን እንጀራ ማድረግ የምትፈልግ መኪናውን ትማር፣ ልኬትና ቆረጣ ትማር። እኔ የሰፋሁት ለገበያ አይደለም፣ ደመወዜም በእሱ አልጨመረም።

ጳጉሜ የዚያ ዓመት 6 ቀን ነበረች። አሥራ ሦስተኛውን ሥራ በእሷ ሠራሁ፤ ከሸሚዝ እጅጌ የተሰፋ፣ እንደ ደብተር የሚታጠፍ መርፌ መያዣ ነው። ውስጡ ሦስት መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ አራት አዝራር አለ። ዕረፍት ስለማትሰጥ እዚህ መምጣት ለማትችል፣ ይህን ወረቀት በጓደኛዋ እጅ ለምታነብ እህት ላክሁት። አንቺ እህቴ፣ መቀስ ክፍልሽ ውስጥ ከሌለ ክሩን በጥፍር መቁረጫ ቁረጪው፣ ጨርቁንም ጫፉን ጫር አድርገሽ ቅደጂው፤ ጥጥ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል።

በሚቀጥለው እሁድ ከቡና በኋላ ከዚያ ጥግ እንቀመጣለን። በከረጢቱ እንጀምራለን። ከክርታስ የቆረጥኩትን ልክ አመጣለሁ፤ እናንተ የተፈቀደላችሁን ጨርቅ አምጡ። መርፌ ያላት ሁለት ታምጣ።