ያለ ትእዛዝ የሚነሣ የሠርግ ፎቶግራፍና አንሺውን ስለ መምረጥ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



አንድ መሐንዲስ የድልድይ ሥራ ለተቋራጭ ሲሰጥ፣ ተቋራጩ ከዚያ በፊት የሠራቸውን ድልድዮች ሳይመረምር ፊርማውን አያኖርም። ይኸው መሐንዲስ ልጁን ሲድር ግን በፎቶ ቤት መስኮት የተሰቀሉ አምስት ስድስት ሥዕሎች አይቶ፣ በዋጋ ተከራክሮና ቀብድ ከፍሎ ይመለሳል። ድልድዩ እንከን ቢገኝበት ይጠገናል፤ ሙሽራዪቱ ከወላጆቿ ቤት የምትወጣበት ሰዓት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዘግይቶ የተነሣ ሥዕል በታሪክ አለ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት እ.ኤ.አ. በ1840 ሲጋቡ የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም ከተገለጸ ገና አንድ ዓመት ገደማው ስለ ነበረ፣ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ የለም። በ1854 ሮጀር ፌንተን ሁለቱን በክብር ልብስ አቁሞ ያነሣው ሥዕል እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሠርጋቸው እየተባለ ይታያል። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የሚታዩት ሙሽሮች ሳይሆኑ የስምንት ልጆች ወላጆች ናቸው።

በአዲስ አበባም የሙያው መሠረት ፎቶ ቤት ነው። ከአርመን ወገን የሆኑት በድሮስ ቦያጂያን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው፣ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ባልን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሚስትን አጠገቡ አቁሞ፣ «እንዳትንቀሳቀሱ» ብሎ ማንሣት የዚያ ትምህርት ቤት ልማድ ነው። ልማዱ የሚናቅ አይደለም፤ የጥንቱ ብርሃን ተቀባይ ዝግተኛ ስለ ነበረ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ በላይፕዚግ ትርኢት ከቀረበች ወዲህ ግን፣ አንሺው በሲኒማ ፊልም ላይ 36 ሥዕል ይዞ፣ ያለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ በሰው መካከል ለመዘዋወር በቃ። ያለ ትእዛዝ የሚነሣው ፎቶግራፍ፣ ማለትም ተነሺው ሳይደረደርና ሳይዘጋጅ የሚያዘው ሥዕል፣ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ካሜራው ዛሬ በየሰው እጅ ካለ፣ ለልምድ ስለ ምን ገንዘብ ይከፈላል? መልሱ በአብዛኛው ያለው በብርሃን ላይ ነው።

እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ በሰከንድ 1/60ኛ ቢነሣ ይደበዝዛል፤ በ1/500ኛ ቢነሣ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሁን እንጂ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን በዚያው መጠን ወደ ስምንተኛ እጁ ገደማ ይወርዳል። ጀማሪው ይህን ለማካካስ ፍላሹን በቀጥታ ፊት ላይ ያበራል። የፍላሽ ብርሃን ግን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ፣ በ4 ሜትር ላይ ያለ ሰው የሚደርሰው በ2 ሜትር ላይ ያለው ካገኘው አንድ አራተኛው ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ከፊት የቆመችው ሙሽራ ነጭ ሆና ስትታይ፣ ከኋላ የቆመችው እናቷ በጨለማ ትዋጣለች። ደግሞም ፍላሹ አንድ ጊዜ ከበራ ሰው ሁሉ ዞሮ ስለሚያይ፣ ያለ ትእዛዝ ማንሣት የሚባለው ነገር በዚያው ያበቃል። ልምድ ያለው ሰው በአዳራሽ ውስጥ ብርሃኑን ከነጭ ጣራ ላይ አንጥሮ ያወርደዋል፤ በቀይና በቢጫ ሸራ በተሠራ ድንኳን ውስጥ ግን ይህ እንደማይሠራ፣ የሸራው ቀለም ፊት ላይ እንደሚወርድ ያውቃልና ከድንኳኑ አፍ ወደሚገባው የቀን ብርሃን ይጠጋል።

የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ሌላ ፈተና ያመጣሉ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተበጀ ነው። ነጭ ልብስ ሥዕሉን ሲሞላው መለኪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ጠይም ፊት ይጠቁራል። የልብሱን ሳይሆን የፊቱን ብርሃን መለካት በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም።

ከብርሃኑ ቀጥሎ የሚመጣው የሥርዐቱ እውቀት ነው። ሙሽራዪቱ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ስትስም ጀማሪው ካሜራውን በእርሷ ላይ ያነጣጥራል። ልምድ ያለው አስቀድሞ ከጎን ቆሞ፣ እንባውን ለመሸሸግ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚመልሰውን አባት ይጠብቃል። በቤተ ክርስቲያንም ጫማውን አውልቆ፣ ተክሊሉ ሲደፋ የት እንደሚቆም ካህናቱን አስቀድሞ ጠይቆ ይገባል።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት የተመረጡ ሥዕሎችን ሳይሆን፣ የአንድ ሠርግ ሥዕሎችን ከጧት እስከ ማታ በሙሉ «አሳየኝ» ማለት ይገባል። አምስት መልካም ሥዕል በዕድልም ይገኛል። በተለይ መታየት ያለባቸው የማታዎቹ ናቸው፤ ሙሽሮቹን ትቶም በዳር የተቀመጡትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መመልከት ይጠቅማል። እነርሱ በሥዕሎቹ ውስጥ ከሌሉ አንሺው የሚያየው ቀሚስ ብቻ ነው። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላና ከዐቢይ ጾም በፊት ከሆነ ደግሞ፣ ያ ወቅት የሠርግ መደራረቢያ በመሆኑ አንድ ፎቶ ቤት በአንድ እሑድ ሁለት ሦስት ቦታ ሊዋዋል ይችላል። ስለዚህ በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት የፎቶ ቤቱ ስም ብቻ ሳይሆን፣ በዕለቱ ካሜራውን የሚይዘው ሰው ስም ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ክርክሩ ያን ያህል አያስኬድም።

ሌላም ምክንያት አለ። በለቅሶ ቤት ተከፍቶ የሚታየው የሟች ፎቶግራፍ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ከልጅ ወይም ከእኅት ሠርግ ላይ ተቆርጦ የወጣ መሆኑን ይረዳል። ከሟች ትከሻ ጀርባ የሌላ ሰው ክርን፣ የሚዜ ከረባት ጫፍ ይታይበታል። ቤተሰቡ ያንን የመረጠው እናት በመታወቂያዋ ላይ እንደምትታየው ደርቃ ሳይሆን፣ እልል ስትል አንድ ሰው ደርሶባት ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ከሠርጉ ሳምንት በፊት አንሺውን ቤት ጠርቶ ቡና አፍልቶ፣ «አያትየዋ እኚህ ናቸው፤ ታላቅ ወንድም ያ ነው፤ እርሳቸው ብዙ መቆም አይችሉም» ብሎ ማስተዋወቅ ከውሉ አንቀጾች አንዱ ሆኖ ቢጻፍ የሚከብድ አይደለም።