ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ምን ሊያውቅ ይገባዋል?

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተሰጠ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓል ላደረሰን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ትምህርት አንድ ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ፥ የቅኔ ቤት ሰው ነኝና ስለ ቅኔ እናገር ዘንድ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የመረጥሁት በዚህ በካሊፎርኒያ ልጆቻችን በኮሌጅ ከሚማሩት ትምህርት ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚንቁት ነው። ስሙ ሊበራል ስተዲስ ይባላል፤ የታናናሽ ልጆች መምህር ለመሆን የሚሹ ወጣቶች የሚማሩት ትምህርት ነው። ነገሩ የዚህ አገር ነውና ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

አንዲት ልጅ «የሕፃናት መምህርት ልሆን እወዳለሁ» ያለች እንደ ሆነ፥ በብዙ ቤት የሚሰማው መልስ አንድ ነው። አባትዋ «ውቅያኖስ ተሻግረን፥ ሌሊትና ቀን ሠርተን ያሳደግንሽ ፊደል ልታስቆጥሪ ነውን?» ይላታል። እናትዋም «ሐኪም ብትሆኚ ምናለ» ብላ ታዝናለች። ይህ የወላጅ ቃል ከክፋት የመጣ አይደለም። በሰው አገር ታክሲ እየነዳ፥ ሌሊት ዘብ እየቆመ፥ የሰው ሽማግሌ እየጦረ ልጁን ያሳደገ ሰው፥ ልጁ እርሱ ከተቀመጠበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ ዘንድ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን «ፊደል ማስቆጠር» የሚለው ቃል በአፋችን የንቀት ቃል ከሆነ፥ እኛ ራሳችን በማን እጅ ፊደል እንደ ቆጠርን ረስተናል ማለት ነው። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ሊበራል የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም «ነጻ» ማለት ነው። የሮማ ሰዎች ባሪያ ላልሆነ ሰው የሚገባውን ትምህርት የነጻ ሰው ጥበብ ብለው ይጠሩት ነበር። በኋላ ዘመን የምዕራብ ሊቃውንት ይህን ጥበብ በ7 ከፈሉት። 3ቱ የቃል ናቸው፤ እነርሱም ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብና የክርክር ጥበብ ናቸው። 4ቱም የቁጥርና የመጠን ናቸው፤ እነርሱም ሒሳብ፥ ጂኦሜትሪ፥ ዜማና የከዋክብት ምርመራ ናቸው። በእኛም አገር ሰዋስው ከቅኔ ጋራ፥ ዜማ በድጓ፥ የዘመን ቁጥር በባሕረ ሐሳብ እንደሚማሩ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዳግመኛም በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተነገረው የኢዮቤልዩ ዓመት ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ስለዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ነጻ ሰው ትምህርት መናገር ከስፍራው የወጣ አይሆንም።

ይህ ትምህርት በካሊፎርኒያ ምድር ሥሩ ጥልቅ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1857 ለመምህራን የማታ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1862 የመንግሥት የመምህራን ትምህርት ቤት ሆነ፤ በ1871ም ወደ ሳን ሆዜ ተዛወረ፤ ዛሬ የሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እርሱ ነው። የሎስ አንጀለሱ ቅርንጫፍ በ1882 ተከፈተ፤ በ1919ም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነ። ዛሬ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተብሎ ስሙ በዓለም የተጠራው፥ ወላጆች ልጃቸው ይገባበት ዘንድ ስእለት የሚሳሉለት ያ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ፥ መነሻው የሕፃናት መምህራን ትምህርት ቤት ነበረ። እነሆ፥ ዛሬ የምንንቀው ሥራ የምናከብረውን ቤት ወለደው።

ከዚህ በኋላ ሕግ አውጪዎች የሕፃናት መምህር ምን ሊያውቅ ይገባዋል ብለው ብዙ ተከራክረዋል። በ1961 የወጣው ሕግ፥ መምህር የማስተማርን ዘዴ ብቻ ሳይሆን አንድ የዕውቀት ክፍል ጠልቆ ይማር ዘንድ አዘዘ። በ1970 የወጣው የራያን ሕግ ደግሞ የመምህራንን ፈቃድ ለየ፤ አንዱ ለአንድ ክፍል ልጆች ሁሉን ትምህርት ለሚያስተምር ነው፤ ሌላውም አንድ ትምህርት ብቻ ለይቶ ለሚያስተምር ነው። ሊበራል ስተዲስ የተባለው ዲግሪ የፊተኛውን ፈቃድ ለሚሹ ዋና መንገድ ሆነ። ከ2002ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ ዕውቀታቸው በመንግሥት ፈተና እንዲረጋገጥ ተደረገ፤ በ2021 ግን በኮሌጅ የተማሩት ትምህርት ራሱ ምስክር እንዲሆን ዳግመኛ ተፈቀደ።

የትምህርቱ ይዘት እንዲህ ነው። ተማሪው በ4 ዓመት 120 ያህል የትምህርት ነጥብ ይፈጽማል። በዚህ ውስጥ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፥ ታሪክና ጂኦግራፊ፥ ሒሳብ፥ የፍጥረት ምርመራ፥ ሥዕልና ሙዚቃ፥ የሰውነት ማጠንከሪያ፥ የሕፃናትም አስተዳደግ አሉበት። ከእነዚህም አንዱን መርጦ ከሌላው አጥልቆ ይማረዋል። ወደ መካከለኛው ደረጃ ትምህርት ቤት መግባት የሚሻ ሰው ይህ የመረጠው ክፍል ይረዳዋል፤ በዚያ ደረጃ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ መምህር አለውና። ነገር ግን ዲግሪው ብቻውን የማስተማር ፈቃድ እንዳይደለ ወጣቶች እወቁ። ከዚያ በላይ የመምህርነት ሥልጠና አለ፤ በዚያም ሠልጣኙ በልምድ መምህር ሥር ሆኖ በተማሪዎች መካከል 600 ሰዓት መፈጸም አለበት።

በእኛ አገር ዜማውን፥ ቅኔውን፥ ትርጓሜውን ሁሉ አጠናቅቆ ከየጉባኤው የተመረቀ ሊቅ አራት ዓይና ይባላል። እንዲህ ያለው ሊቅ ጥቂት ነው፤ ክብሩም ታላቅ ነው። የታናናሽ ልጆች መምህርም በመጠኑ አራት ዓይና መሆን ይገባዋል። የሐኪም ቤት ስለ ልብ የሚያውቀውን ስለ ዓይን ከሚያውቀው ይለያል፤ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ግን ስለ ፀሐይም፥ ስለ ጉንዳንም፥ ስለ ንጉሥም፥ ስለ ሞትም በአንዲት ጠዋት ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም አንዱን መምህር ነው።

አንድ ሰው ቢነሣና «ሁሉን በጥቂቱ የሚያውቅ አንዱንም አያውቅም» ቢል፥ ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሳይቆፍሩ ብዙ መሬት መጫር እህል አያበቅልም። ስለዚህ ተማሪው ከመጻሕፍቱ ሁሉ ዳር ዳሩን ለቅሞ የሚያልፍ እንደ ሆነ ዲግሪው ወረቀት ብቻ ይሆናል። የዚህ ትምህርት ቁም ነገር ግን የትምህርትን ብዛት መቍጠር ሳይሆን፥ የመጀመሪያውን ነገር ሥሩን ማወቅ ነው።

ሁለተኛም «ሕፃን ለማስተማር ይህን ያህል ምን ያስፈልጋል? መደመርና መቀነስ ማን ያቅተዋል?» የሚል አለ። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ሊፒንግ ማ የተባለች ሴት በቻይና አገር በባህል አብዮት ዘመን ገና በልጅነትዋ ከሻንጋይ ወደ ገጠር ተላከች፤ የመንደሩም ሰዎች ልጆቻቸውን እንድታስተምር አደረጓት። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ መጥታ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘች፤ በ1999ም የቻይናንና የአሜሪካን የታናናሽ ልጆች መምህራን የሚያነጻጽር መጽሐፍ አሳተመች። ለ23 የአሜሪካና ለ72 የቻይና መምህራን ካቀረበችላቸው ጥያቄ አንዱ፥ አንድ ከሦስት ሩብ ለግማሽ ሲካፈል ስንት ይሆናል የሚል ነበር። ከአሜሪካኖቹ ስሌቱን በትክክል የፈጸሙት 9 ብቻ ናቸው፤ ቻይናውያኑ ግን ሁሉም ፈጸሙት። ትርጓሜውን በምሳሌ አስረዱ በተባሉ ጊዜም፥ ከአሜሪካኖቹ የቀናውን ምሳሌ ያመጣ አንድ ብቻ ሆነ፤ ብዙዎቹ ለግማሽ ማካፈልንና ለሁለት ማካፈልን አንድ አድርገው ነበርና።

እኛ ይህን በጠበል ጠዲቅ ቋንቋ ብንናገረው ሕፃን ያስተውለዋል። አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦና የሌላው ሦስት ሩብ በፊታችን አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ድፎ ብንሰጥ ለስንት ሰው ይበቃል? ለሦስት ሰው ሙሉ ድርሻ ይደርሳል፤ የተረፈውም ሩብ ድፎ የአንድ ሰው ድርሻ እኩሌታ ነው። መልሱ ሦስት ተኩል ነው። ያንኑ ዳቦ ለሁለት ሰው ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው፤ አሜሪካኖቹ መምህራን በትምህርት ቤት የቆዩበት ዓመት ከቻይናውያኑ የበለጠ ነበር። እንግዲህ ዕውቀት በዓመት ብዛት አይመዘንም። ቻይናውያኑ የበለጡት ትንሹን ነገር እንደ ትንሽ ሳይንቁ ሥሩን ስለ መረመሩ ነው። መልካም የሊበራል ስተዲስ ትምህርትም የሒሳቡን ክፍል ለመምህራን ለብቻው አዘጋጅቶ የሚያስተምረው ስለዚህ ነው፤ ተማሪው እንዴት እንደሚካፈል ብቻ ሳይሆን ስለ ምን እንደዚያ እንደሚሆን ይማር ዘንድ።

ወደ ገዛ ቤታችንም ብንመለስ ይህንኑ እናገኛለን። በዚህ አገር የተወለደ ልጅ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ፊደል ሲቆጥር 33ቱን በ7 ቤት፥ ማለት 231ን፥ ያያል። ከዚያም «ሀ፥ ሐ፥ ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ስለ ምን ሦስት ሆኑ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «ዝም ብለህ አጥና» ያለው እንደ ሆነ፥ ልጁ ፊደላችን ምክንያት የሌለው ሸክም ነው ብሎ ይወጣል። ሥሩን የሚያውቅ መምህር ግን፥ በጥንት ግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ እንደ ነበረ፥ ዛሬም ፊደሉ ምሥጢር እንደሚለይ ይነግረዋል፤ በግዕዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠረቀ «ወጣ» ማለት ሲሆን፥ በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰረቀ «ሌባ ሆነ» ማለት ነው። ያ ልጅ ፀሐይንና ሌባን በአንድ ፊደል ልዩነት ሲያይ ይስቃል፤ ከዚያም በኋላ አይረሳውም።

በቅኔ ቤትም ትልቁ ተማሪ ለትንሹ ያስቀጽል ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት የተማሩትን ነገር ፈጽመው ያወቁት ሲያስተምሩት ነው። ይህ መልካም ሥርዓታችን ነው። ነገር ግን የሕፃኑን ጠባይ መርምሮ በአቅሙ መጠን ማስተማርን፥ ያለ ዱላ ማስተዋልን ማብቃትን፥ ከዚህ አገር መምህራን ብንማር ውርደት አይሆንብንም።

ስለ ገንዘቡም ዝም ብዬ አላልፍም። መምህር እንደ ኮምፒዩተር መሐንዲስ አያገኝም። ከዲግሪው በላይ ያለው ሥልጠናም ጊዜና ወጪ ይጠይቃል። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ወጣት ኋላ ያማርራል። ነገር ግን ሥራው የታወቀ ደመወዝ አለው፤ በካሊፎርኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ ደግሞ በ1913 የተመሠረተ የመምህራን ጡረታ አለላቸው። ድህነት አይደለም፤ ባለጠግነትም አይደለም፤ ሰው በልኩ የሚኖርበት እንጀራ ነው።

አሁን ቃሌን በሦስት ልመና እፈጽማለሁ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ መምህር ልሁን ቢላችሁ አስቀድማችሁ አትዘኑ፤ ምን እንደሚማር ጠይቁት፤ ከዚያም መክራችሁ መርቁት። ልጃችሁ በትምህርት ቤት የጎበዘው በመልካም የአንደኛ ክፍል መምህር እጅ ስላለፈ መሆኑን አስቡ፤ ያ መምህርም የሰው ልጅ ነበረ፤ አባቱ «ፊደል ልታስቆጥር ነውን?» ብሎ ከልክሎት ቢሆን ለልጃችሁ ማን በደረሰለት?

ወጣቶች ሆይ፤ ሌላው ትምህርት ቢከብዳችሁ ይህ ይቀላል ብላችሁ ወደዚህ አትግቡ። የሕፃን አእምሮ እንደ ርጥብ እንጨት ነው፤ ያጣመመው ሰው ኋላ ሊያቃናው ቢሻ አይችልም። ልጅን የምትወዱና መጠየቅ የማይሰለቻችሁ ከሆነ ግን ግቡ፤ ሥራው ይጠብቃችኋል።

የሰበካው ጉባኤ አባላት ሆይ፤ ለመምህርነት የሚማሩትን ልጆቻችንን በሰንበት የፊደል ክፍል ከአረጋውያን መምህሮቻችን ጎን አስቀምጧቸው። ሽማግሌው ፊደሉንና ምሥጢሩን ይስጥ፤ ወጣቱም የሕፃኑን ቋንቋና ጠባይ ይስጥ። አንዱ ያለ ሁለተኛው ጎደሎ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት ቢቀመጡ ግን በሚመጣው ኢዮቤልዩ በዚህ ስፍራ ቆሞ በአማርኛ የሚናገር፥ በአማርኛም የሚሰማ አይጠፋም።

እግዚአብሔር መምህራንን በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን፤ ሕፃናቱን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ይህን ደብርም ለሚመጣው ትውልድ ያቆይልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።