የዓሣ ሐውድ ያለ በረኪና
(አርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ስለ ዓሣ ሐውድ ትነግሪናለሽ ተብዬ ነበር፣ ዛሬ ተራዬ ደረሰ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ሐውድ ያለበት ቤት የምትሠሩ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ብዙ ነን። ስንቀጠር ዓሣ ትጠብቂያለሽ ያለን የለም፤ መስታወቱ አረንጓዴ ሲለብስ ግን "ለይሽ ወሰክ?" የምንባለው እኛ ነን።

የመጀመሪያ ቤቴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ እንዳትደግሙት። መስታወቱን ብፈትግ ብፈትግ በአራተኛው ቀን ይመለሳል። አንድ ማታ ተናድጄ ስፖንጁን በረኪና ነክሬ ፈተግሁት። ጠዋት ሰባት ዓሣ ተገልብጦ ተንሳፏል። ከደሞዜ ተቆረጠ፤ የልጆቹ ለቅሶ ግን ከዚያ ባሰብኝ። በረኪና ለኛም ጠላት ነው፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ያ አረንጓዴ ነገር ቆሻሻ አይደለም። አልጌ ነው፣ ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያሉን። ብርሃንና ምግብ እስካገኘ ይበቅላል። መፈተግ ብቻውን ሣር ማጨድ ነው፤ ዝናቡ ካልቆመ ሣሩ ይመለሳል።

መጀመሪያ መብራቱ። እኛ ቤት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ይበራ ነበር። አሁን በእኛ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ማታ አምስት ብቻ ነው፣ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ፀሐይ በመስኮት የሚመታው ከሆነ መጋረጃውን ዝጉ።

ትልቁ ጥፋት ግን ምግብ ነው። ማማ ትሰጣለች፣ ልጆቹ ይሰጣሉ፣ ሾፌሩ እንኳ ሲያልፍ ቆንጠር አድርጎ ይጥላል። የተረፈው በስብሶ ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ይበቃቸዋል። እነዚያ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ሲክሊድ ይባላሉ፤ ብዙዎቹ የማላዊ ሐይቅ ዝርያ ናቸው፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል የምንበላው የቆሮሶ ዘመዶች። ሐይቃቸው ውስጥ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቁ ነው የሚኖሩት። ከጠገቡ ለምን ይፋቁ? እኔ አርብ አርብ አጾማቸዋለሁ (እኔም ስለምጾም አልረሳውም)። ያኔ ድንጋዩን ራሳቸው ይለቅማሉ። አልጌ የሚበላ ሌላ ዓሣ ግዙ የሚሉ አሉ፤ ሲክሊድ ግን ተደባዳቢ ስለሆነ አዲሱን ሊያሳድደው ይችላል፣ አትቸኩሉ።

ውኃውን በሳምንት ሩቡን ብቻ ቀይሩ። የዶሃን የበጋ ቧንቧ ታውቁታላችሁ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ስለሚግል ቀዝቃዛው መክፈቻ ራሱ ያቃጥላል። ዓሦቹ የሚፈልጉት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ባልዲውን ማታ ሞልቼ ኤሲ ያለበት ክፍል አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ሱቅ ዋቂፍ ዓሣ የሚሸጡት ጋ ታገኛላችሁ። ባልዲውን ግማሽ ብቻ ሙሉ፣ ወገባችሁን ሌላ ማንም አይገዛላችሁም። እጃችሁን ከመንከራችሁ በፊት ሶኬቶቹን ሁሉ ንቀሉ። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከሐውዱ በቀዳችሁት ውኃ እጠቡት እንጂ በቧንቧ አይሁን፤ ውስጡ ውኃውን የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ክሎሪን ይገድላቸዋል።

አልጌ የወረሰው ድንጋይ ካለ አንድ ሁለቱን አውጥታችሁ ሰጥሕ ላይ ፀሐይ አስመቱት። የዶሃ ፀሐይ ለዚህ እንኳ ትጥቀመን! መስታወቱን ባረጀ የባንክ ካርድ ፋቁት፣ የኋላውን ግን ለዓሦቹ ተዉላቸው።

ለማዳም እንዲህ በሏት፦ "ማማ፣ ሃዳ ሙብ ወሰክ። ሃዳ ሚን ኑር ዋይድ፣ ሚን አክል ዋይድ።" በቁጣ ሳይሆን መብራቱን እያሳያችሁ። የኔዋ መጀመሪያ አላመነችኝም። ሦስት ሳምንት ታገሺኝ አልኳት፤ በአራተኛው መስታወቱ ጠራ።

ደግሞ ይህ ሥራ ነው። እኔን በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 15፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀን ከአሥር ሰዓት አያልፍም ይላል፤ የሳምንት እረፍትም አለ። ስለዚህ የሐውዱን ቀን ሐሙስ አድርጌዋለሁ። አርብን አልሰጠኋቸውም።

ጥያቄ ያላችሁ ሻይ እየጠጣን ጠይቁኝ። የሐውዳችሁን ፎቶ በስልካችሁ የያዛችሁም አምጡልኝ፣ አብረን እንየው።